የአፄ ምኒልክ ሕመም ምን ያስተምረናል?

ስለ አፄ ምኒልክ አንዱ ያወድሳል፣ ሌላው ይወቅሳል። የዛሬው ጉዳያችን ግን ሥራቸው ሳይሆን ሕመማቸው ነው።

ምኒልክ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው አንጎለላ በ1836 (እ.ኢ.አ.) ተወለዱ። በ1848 አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ በልጅነታቸው ተማርከው ተወሰዱ። በ1857 ከመቅደላ አምልጠው አንኮበር ላይ የሸዋ ንጉሥ ሆኑ። ከአንኮበር ሥር ያለችው ዓልዩ አምባም የሙስሊም ነጋዴዎች መናኸሪያ ነበረች። በ1882 ንጉሠ ነገሥት ሆኑ፤ በ1888 ዓድዋ ላይ ጣሊያንን ድል ነሡ።

ይህን ሁሉ የተወጣውን ሰው በ1898 ስትሮክ መታው። ሕመሙ በተከታዮቹ ዓመታት እየተመላለሰ አደከማቸው። በ1901 የልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ። በጥቅምት 1902 የመጣው ከባድ ምት ግን አካላቸውን ሽባ አደረገው፣ አንደበታቸውንም ዘጋው። በቤተ መንግሥት የመርዝ ወሬ ተናፈሰ፤ የሥልጣን ሽኩቻም በረታ። ከአራት ዓመት በላይ በአልጋ ላይ ቆይተው ታኅሣሥ 1906 ሞቱ። ሞታቸውም ለሕዝብ ሳይነገር ቆየ።

በዚያ ዘመን ሐኪም ቢኖርም የደም ግፊትን የሚያወርድ መድኃኒት አልነበረም። ዛሬ አለ። ታዲያ እኛ ምን ምክንያት አለን? ፊት በድንገት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ወይም እግር ሲዝል፣ ምላስ ሲተሳሰር፣ ዓይን ሲጋረድ የስትሮክ ምልክት ነው። ደረትን የሚጫን፣ ወደ ግራ ክንድና መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም ከቀዝቃዛ ላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ሲመጣ ደግሞ የልብ ድካ ምልክት ነው። ምልክቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቢጠፋም ማስጠንቀቂያ ነውና አይናቅ።

ብዙዎቻችን ግን ምች ነው፣ ጂን ነው እያልን ሰዓቱን እናሳልፋለን። ቁርኣን መቅራትና ዱዓ ማድረግ መልካም ነው፤ ሐኪም ቤት መሄድን ግን አይከለክልም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን አዘዋል። በአንጎል የደም ሥር የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው።

የደም ግፊት ድምፅ የለውም፤ የሚታወቀው ሲለካ ብቻ ነው። ወንድሞችና እህቶች፣ ሰውነታችን የአላህ አማና ነው። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ወላጆቻችንን ይዘን ግፊታቸውን እናስለካ። ጨው እንቀንስ፤ ከሲጋራና ከጫትም እንራቅ።