ኮርኔሊያ ሶራብጂ፦ ከመጋረጃ ጀርባ ላሉ ሴቶች የቆመች ጠበቃ

ኮርኔሊያ ሶራብጂ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1866 በሕንድ ናሲክ ከተማ ተወለደች። ከቦምቤይ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ወደ እንግሊዝ ተሻግራም በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሕግ በማጥናት ለሴቶች ፈር ቀደደች። በ1892 የሕግ ፈተናውን ወሰደች፤ ሴት በመኾኗ ግን ዲግሪው ተከለከለች። ዲግሪውን ያገኘችው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። በሀገሯም ሴት በጥብቅና እንድትቆም ሕጉ አይፈቅድም ነበር።

በዚያ ዘመን በባህል ምክንያት ከባዕድ ወንድ ዐይን ተከልለው የሚኖሩ ባለርስት ሴቶች ነበሩ። ባላቸው ሲሞት ሰፊ መሬት ቢወርሱም ወንድ ጠበቃ ፊት ቀርበው ማመልከት ስለማይችሉ ርስታቸውን ይነጠቁ ነበር። ኮርኔሊያ ግን ሴት ናትና መጋረጃውን ገልጣ ገባች። በ1904 የባልቴቶችንና የሙት ልጆችን ርስት በሚጠብቀው የቤንጋል መሥሪያ ቤት ተሾመች። በአገልግሎት ዘመኗ ከ600 በላይ ሴቶችንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን እንደረዳች ይገመታል።

ሕጉ በ1923 ተሻሻለ፤ በቀጣዩ ዓመትም በካልካታ ጥብቅና ጀመረች። ያኔ ዕድሜዋ ከ55 ዓመት አልፎ ነበር። በ1954 በለንደን ዐረፈች። የችሎቱን በር ያዘጋባት ሴትነቷ፣ ወንድ ጠበቃ የማይደርስበትን የባልቴቶች ደጅ ከፍቶላታል።