በረመዳን የተወለዱት ኢብን ኸልዱን
በ732 ዓመተ ሒጅራ፣ በረመዳን የመጀመሪያ ቀን፣ ቱኒዝ ላይ የተወለዱትን ታላቅ ዓሊም ዛሬ እናስታውሳለን። ወላጆቻቸውን ገና በ17 ዓመታቸው ወረርሽኝ ነጠቃቸው። ከአንዱ ሱልጣን ወደ ሌላው ሲያገለግሉ ፌዝ ላይ ታስረዋል። በኋላ አልጄሪያ ውስጥ በአንድ ምሽግ ተጠልለው «ሙቀዲማ»ን ጻፉ።

በዚህ መጽሐፋቸው እንዳስረዱት፣ ሰው ብቻውን የአንድ ቀን ምግቡን እንኳ አያገኝም። ስንዴው ፈጪ፣ አቡኪና ጋጋሪ ይሻል፤ የእነርሱ ዕቃ ደግሞ አንጥረኛ፣ አናጢና ሸክላ ሠሪ። (የኢፍጣራችንን ዳቦ ስንቆርስ ስንት እጅ እንዳለፈበት እንቁጠር እስኪ!) ሰውን ከሰው የሚያስተሳስረውን ኃይል ዐሰቢያ አሉት፤ በችግር ይጠብቃል፣ በድሎት ይላላል፤ ሲላላም መንግሥት ይወድቃል።

ካይሮ ላይ ቃዲ ሆነው ሳለ፣ ወደ እርሳቸው የሚመጡ ቤተሰቦቻቸውን የጫነችው መርከብ ሰጠመች። በ808 ዓመተ ሒጅራ፣ በዚያው በረመዳን፣ ካይሮ ላይ ወደ አኺራ ሄዱ።