አርኪሜዲስና የመቃብሩ ምልክት

የሉልን ይዘት ቀመር ሰሌዳ ላይ ጽፈን ልጆቹን እናስገለብጣለን። አንዱ ተነሥቶ ከየት መጣ ያለን እንደሆነ ግን እንጨነቃለን። ስለዚህ የቀመሩን ባለቤት ታሪክ ማወቁ ሳይበጀን አይቀርም።

አርኪሜዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ287 ገደማ በሲሲሊ ደሴት፣ በሲራኩስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ፊዲያስ የከዋክብት ተመራማሪ ነበር። ስለ ሠራቸው የጦር መሣሪያዎች ብዙ ተወርቷል። እሱ ግን ይበልጥ የኮራው በአንድ ግኝቱ ነው፦ ሉል ልክ በሚገጥመው ሲሊንደር ውስጥ ሲቀመጥ የሲሊንደሩን ይዘት 2/3 ይይዛል። ይህን ራቤልም ሆነን ማሳየት እንችላለን። ቁመቱም ወርዱም ከኳሱ ጋር እኩል የሆነ ጣሳ ውኃ ሞልተን ኳሱን እስከ ታች ብንጫነው የሚቀረው ውኃ 1/3 ብቻ ነው።

ታዲያ እሱ እንዴት ደረሰበት? ቅርጾቹን በሐሳቡ በስሱ እየከተፈ ሚዛን ላይ እንደ ሰቀላቸው አድርጎ አመዛዘነ። ማረጋገጫውን ያበጀው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከመጨረሻው ነው! ይህን ዘዴ የያዘው ብራና በ13ኛው መቶ ዓመት ተፍቆ ጸሎት ተጻፈበት። የዴንማርኩ ሊቅ ሃይበርግ ከጸሎቱ ሥር ያነበበው በ1906 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ ነው።

ሮማውያን ከልደት በፊት በ212 ሲራኩስን ሲይዙ አንድ ወታደር ገደለው። መቃብሩ ላይ ሉልና ሲሊንደር ተቀረጸለት። ከ137 ዓመት በኋላ ሮማዊው ሹም ኪኬሮ ሲፈልገው የከተማው ሰው መቃብሩ መኖሩንም ረስቶት ነበር። ኪኬሮ የለየው ከእሾሁ በላይ ብቅ ያሉትን ሁለቱን ቅርጾች አይቶ ነው።