ከመቅደላ እስከ ፕሪንስስ ጌት፦ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት

ከሆሎዌይ ሮድ የምድር ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ በፒካዲሊ መሥመር የሚሳፈር ሰው፣ ባቡር ሳይቀይር ሳውዝ ኬንሲንግተን ወርዶ ጥቂት በእግሩ ከተጓዘ ፕሪንስስ ጌት ቁጥር 17 ይደርሳል። ፓስፖርት ለማሳደስ ወይም የውክልና ወረቀት ለማስጨረስ ያልሄደበት ከመካከላችን ጥቂት ነው። በ1935 በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት ሰው ግን ማን እንደ ነበሩ ወረፋ ስንጠብቅ የምናስብ አይመስለንም። የማኅበራችንን አሥረኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ስለ አንድ የቀድሞ ሰው ሕይወት እንጻፍ ብለን ስንመካከር፣ ከስደተኛ ኑሯችን ጋር በብዙ መንገድ የሚገናኘው የሐኪም ወርቅነህ ታሪክ ሆኖ አገኘነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሐኪም ወርቅነህ በ1865 ገደማ በጎንደር ተወለዱ። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ ሕፃኑ ወርቅነህ በዚያ ግርግር ከወላጆቹ ተለይቶ ተገኘ። ቻምበርሌን የሚባል ኮሎኔል ወደ ህንድ ይዞት ሄደ። ኮሎኔሉ ብዙ ሳይቆይ ሲሞት ማርቲን የሚባል ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁም ቻርልስ ማርቲን ተብሎ አደገ። ከዚያው አምባ በዚያው ጊዜ የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ በ1879 በ18 ዓመቱ በዚህ አገር ሞቶ ዊንድሶር መቀበሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለ እርሱ ብዙ ተለቅሷል። ስለ ወርቅነህ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። ምናልባት ልቅሶ ስለሚቀናን ይሆናል።

ወርቅነህ በአምሪትሳር በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው፣ በ1882 ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ። ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ትምህርታቸውን ካሻሻሉ በኋላ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሳቸው ናቸው። ደመወዝ፣ ማዕረግና የተረጋገጠ ጡረታ ነበራቸው። የሌላቸው ነገር ቢኖር ስማቸውና ቋንቋቸው ነበር፤ የወጡበትን አገር ቢያውቁም የማን ልጅ እንደ ሆኑ አያውቁም።

በ1896 የአድዋ ድል ወሬ በዓለም ሲናኝ እርሳቸውም ሰሙ፤ ወደ አገር የመመለስ አሳባቸውም ጸና። በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት ማብቂያ ላይ በገዛ ገንዘባቸው አዲስ አበባ ገቡ። አማርኛ አንዲት ቃል ስለማይችሉ የሚናገሩት በአስተርጓሚ ነበር። ድንኳን ተክለው ሕመምተኛውን ሁሉ በነፃ ማከም ጀመሩ። ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ ሲሰማ፣ አንዲት አሮጊት የጠፋ የልጅ ልጃቸው እንዳይሆን ብለው መጡ። በልጅነቱ በአካሉ ላይ የቀረውን ጠባሳ ፈልገው አገኙት። ወርቅነህ የሚባለውን ስማቸውን የሰሙት፣ የአባታቸውንም ስም እሸቴን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ዕድሜያቸው ወደ ሠላሳ አምስት ደርሶ ነበር።

አያትና የልጅ ልጅ በአስተርጓሚ ሲነጋገሩ በዓይነ ሕሊና ለሚመለከት ወላጅ ነገሩ ሩቅ አይደለም። እኛም ዘንድ አያት ከአዲስ አበባ ስልክ ሲደውሉ ልጁ ሰላምታውን ሰጥቶ ሲያበቃ መነጋገሪያውን ለእናቱ ያቀብላል። የቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ክፍላችን አንዳንድ ሳምንት ከስድስት ልጅ በላይ አይገኝበትም። ለዚህ ልጆቹን ብቻ መውቀስ አንችልም፤ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ የምናናግራቸው እኛው ነን።

ሐኪም ወርቅነህ ፈቃዳቸው ሲያልቅ ወደ በርማ ተመለሱ እንጂ ወዲያው አልቀሩም። በኋላ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ሲመጡ የታመሙትን ዐፄ ምኒልክንም አከሙ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። ኑሯቸው ግን በሁለት ወገን የሚያጠራጥር ነበር፤ ለአገሬው እንግሊዝ፣ ለእንግሊዞቹ ደግሞ ሐበሻ ነበሩ። በ1919 ከእንግሊዝ አገልግሎት በጡረታ ወጥተው ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። ያኔ ዕድሜያቸው ሃምሳውን አልፏል፤ ሰው ዕረፍት በሚያስብበት ጊዜ እርሳቸው ሌላ ሥራ ጀመሩ። በ1925 በተከፈተው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የበላይ ኃላፊ ሆኑ፤ በ1930 የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪ ተቀመጡ። በጎልማሳነት የተማሩት አማርኛም ፍሬ አፍርቶ የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አሳተሙ።

ከሁሉ የከበደው ሥራ የመጣባቸው በሰባ ዓመታቸው ነው። ጣልያን ሊወር ሲዘጋጅ በ1935 ለንደን ተላኩ። እንግሊዝኛቸው የሚያስቀና፣ የአገሩን ሰው ጠባይም ጠንቅቀው የሚያውቁ ነበሩና በየስብሰባው እየተናገሩ ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ፤ ገንዘብም ለመሰብሰብ ደከሙ። በበርማ ባሳለፉት ዘመን የተማሩት የእንግሊዝ መሥሪያ ቤት አሠራር እዚህ ጠቀማቸው። መንግሥቱ ግን ወዳጅ መስሎ ቸል አላቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1936 ተሰደው ዋተርሉ ጣቢያ ሲወርዱ በለንደን ሚኒስትሩ እርሳቸው ነበሩ።

በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና ያስተማሯቸው ሁለት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ግን አዲስ አበባ ነበሩ። ከአርበኞች ወገን ሆነው ቆይተው፣ በየካቲት 1937 በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ በኋላ ጣልያኖች ገደሏቸው። አባት መርዶውን በሰው አገር ተቀበሉ። መርዶ እዚህ ሆሎዌይ ከደረሰበት ቤት ቡና አፍልተን ስንቀመጥ፣ ሬሳ በሌለበት የሚለቀስ ልቅሶ ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን። በ1938 እንግሊዝ የጣልያንን ግዛት በይፋ ስትቀበል ደግሞ የያዙት ሹመት ራሱ መሠረት አጣ።

ሐኪም ወርቅነህ ጣልያን ከወጣ በኋላ በ1942 አገራቸው ገቡ፤ በጥቅምት 1952 በአዲስ አበባ ዐረፉ። የዕለት ማስታወሻቸውን ለረጅም ዓመታት ሲጽፉ ኖረዋል፤ ያለፈውን ሕይወታቸውን መለስ ብለው ያዩበት ግለ ታሪክም ትተዋል። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።