እግርን ያስጻፈ ሊቅ፤ የኤትየን ዡል ማሬ የሕይወት ታሪክ

በትምህርት ቤት መጽሔት ላይ የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የምናነበው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦር አበጋዞችና ስለ ደራስያን ነው። እኔ ግን ዘንድሮ የመረጥሁት እናንተ ሁላችሁ ዛሬ ጧት ከቤታችሁ ስትወጡ የሠራችሁትን አንድ ሥራ ዕድሜውን ሙሉ ሲመረምር የኖረ የፈረንሳይ አገር ሐኪም ነው። ያም ሥራ መራመድ ነው፤ ለረፈደበትም ሰው መሮጥ ነው። ሰውየው ኤትየን ዡል ማሬ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መራመድ ደግሞ ምን ምርምር ያሻዋል የሚል ቢኖር እባኩን ከመቀመጫው ይነሣና በክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እያለ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይስጠኝ። የግራ እግር ጣት ከመሬት በሚለቅበት ቅጽበት የቀኝ እግር ተረከዝ የት ነው ያለው? ጭንቅላታችንስ ከፍ የሚለው በአንድ እግር ስንቆም ነው ወይስ ሁለቱም እግሮች መሬት ሲነኩ? እየተራመዱ የራስን እግር መመልከት እርምጃውን ያሰናክለዋል። የሌላውንም ሰው እግር ቢያተኩሩበት ነገሩ ቶሎ ስለሚያልፍ ዓይን አይደርስበትም። ሰው በምድር ላይ ከቆመ ጀምሮ ሲራመድ ኖሯል፤ እንዴት እንደሚራመድ ግን በትክክል ሳያውቅ ኖሯል።

ከማሬ በፊት ነገሩን የነኩ ሊቃውንት አልጠፉም። ጣሊያናዊው ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ (1608–1679) ሰውን በሳንቃ ላይ አጋድሞ ሳንቃውን እንደ ሚዛን በማመዛዘን የሰውነት ክብደት የሚያርፍበትን መካከለኛ ነጥብ ፈልጓል። በ1836 ደግሞ ቬበር የሚባሉ ጀርመናውያን ወንድማማቾች ስለ ሰው አረማመድ መጽሐፍ አሳትመው፣ ወደ ፊት የሚወነጨፈው እግር እንደ ግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም በራሱ ክብደት ይወዛወዛል አሉ። ብልሆች ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን በእጃቸው የነበረው ሰዓት፣ መለኪያና ዓይን ብቻ ነው።

ማሬ በመጋቢት ወር 1830 ቦን በምትባለው የቡርጎኝ ከተማ ተወለደ። አገሩ የወይን ጠጅ አገር ነው፤ አባቱም የሚተዳደረው በወይን ጠጅ ንግድ ሥራ ነበር። ልጁ እጁ ሥራ ወዳድ ስለ ነበረ መሐንዲስ መሆን ይመኝ ነበር፤ አባቱ ግን ሐኪም እንዲሆን ፈለገ። ልጅም የአባቱን ቃል አክብሮ በ1849 ወደ ፓሪስ ሄዶ ሕክምና ተማረ። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ የወደድሁት የአባትና የልጅ ምኞት ሁለቱም አለመጥፋታቸውን ነው፤ ማሬ ሐኪም ሆነ፣ የሐኪምነቱንም ሥራ እንደ መሐንዲስ ሠራው።

የመጀመሪያው ዝነኛ መሣሪያው የደም ሥርን ትርታ የሚጽፍ ነበር። ሐኪም የበሽተኛውን የእጅ አንጓ በጣቱ ሲዳስስ የሚሰማውን ለሌላ ሐኪም በቃል ሊነግረው ይችላል፤ ሊያሳየው ግን አይችልም። ማሬ በ1860 ገደማ ባወጣው መሣሪያ ቀላል ዘንግ በአንጓው ላይ ያርፍና ትርታው ዘንጉን ከፍ ዝቅ ሲያደርገው፣ የዘንጉ ጫፍ በጥላሸት በጠቆረ ወረቀት ላይ ነጭ መስመር ይጭራል። በዚያ ዘመን የሕያዋንን አካል ሥራ ለማወቅ የሚፈልጉ ሊቃውንት እንስሳትን በሕይወት ሳሉ ይቀድዱ ነበር። ማሬም ከሾቮ ጋር ሆኖ በፈረስ ልብ ላይ ስለ ሠራ ከዚህ ፈጽሞ ንጹሕ ነው አልልም። ዋናው ፍላጎቱ ግን ጤነኛው አካል ሳይቆረጥ በሥራው ላይ ሳለ ምስክርነቱን በራሱ እጅ እንዲጽፍ ማድረግ ነበር። በ1864 የራሱን ላቦራቶሪ ያቋቋመውም የኮሜዲ ፍራንሴዝ ተዋንያን በጥንት ዘመን ይጫወቱበት በነበረ አሮጌ የቴአትር ሕንፃ ውስጥ ነው፤ መኖሪያውም እዚያው ነበር፤ ከመሣሪያዎቹና ከእንስሳቱ ጋር ይኖር ነበር። በ1869 በኮሌዥ ደ ፍራንስ ፕሮፌሰር ሆነ።

ከልብ ወደ እግር የተሸጋገረበት መንገድ እጅግ ቀላል ነው። በጫማ ሶል ውስጥ አየር የያዘ የጎማ ከረጢት አኖረ። እግር መሬት ሲረግጥ አየሩ ይጨመቅና በቀጭን የጎማ ቱቦ ውስጥ ሄዶ የአንዲት ትንሽ ከበሮ ቆዳ ያነሣል፤ ቆዳው ዘንጉን ያነሣል፤ ዘንጉም በሚሽከረከረው ጥቁር ወረቀት ላይ ይጽፋል። ሯጩ መጻፊያውን በአንድ እጁ ይይዛል፤ በሌላው እጁ የጎማ ኳስ ጨምቆ ጽሕፈቱን ያስጀምረዋል። በራሱም ላይ የራሱን ከፍታና ዝቅታ የሚመዘግብ ሌላ ዕቃ ይደፋል። እንዲህ ታጥቆ በፓሪስ ሲሮጥ ያየው መንገደኛ ምን ይል እንደ ነበር እናንተው ገምቱ።

ወረቀቱ ሲነበብ ነገሩ እንደ ዜማ ምልክት ሆኖ ታየ፤ ማሬም የቀኙን እግር በነጭ የግራውን በተሰመረ ዘንግ እየሳለ እንደ ሙዚቃ ኖታ አሰናዳው። በእርምጃ ጊዜ የአንዱ እግር ዘንግ ሳያልቅ የሌላው ይጀምራል፤ ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም እግሮች መሬት ላይ ናቸው። በሩጫ ግን በሁለቱ ዘንጎች መካከል ባዶ ስፍራ አለ፤ ይኸውም ሰውየው በአየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ፈጥኖ የሚራመድ ሰውና ቀስ ብሎ የሚሮጥ ሰው በፍጥነት እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚለያቸው ያ ባዶ ስፍራ ነው። የእርምጃ ውድድር ዳኞችም እስከ ዛሬ የሚጠብቁት ይህንኑ ነው።

በ1873 ማሬ ስለ እንስሳትና ስለ ሰው እንቅስቃሴ ያሳተመው መጽሐፍ ባሕር ተሻገረ። በዚያ መጽሐፍ ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሮቹ ከመሬት የሚለቁበት ቅጽበት አለ ብሎ ነበር። በካሊፎርኒያ ሌላንድ ስታንፎርድ የሚባል ባለጸጋ ነገሩን ለማረጋገጥ ስለ ፈለገ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ኤድዋርድ ማይብሪጅ በ1878 ካሜራዎችን በመንገድ ዳር ደርድሮ የሚሮጡ ፈረሶችን አነሣ። የማሬ ቃል እውነት ሆኖ ተገኘ፤ የፊትና የኋላ እግሮቹን ዘርግቶ የሚበርር ፈረስ ሲስሉ የኖሩ ሠዓሊዎች ሁሉ ተሳስተዋል ማለት ነው። ማሬ የማይብሪጅን ሥዕሎች አይቶ ተደነቀ፤ በ1881ም በፓሪስ ተቀበለው። ይሁን እንጂ አንድ ጉድለት አየባቸው፤ እያንዳንዱ ሥዕል በሌላ ካሜራ፣ ከሌላ ቦታ፣ እኩል ባልሆነ ጊዜ የተነሣ ስለ ሆነ ርቀትንና ጊዜን በትክክል ለመለካት አይመችም። ማሬ አንድ ዓይንና እኩል ጊዜ ፈለገ።

በ1882 አፈሙዝ ያለው፣ እንደ ጠመንጃ በትከሻ የሚያዝ ካሜራ ሠራ። ይህ ጠመንጃ በአንድ ሴኮንድ 12 ሥዕል ያነሣል እንጂ ማንንም አይገድልም። በዚያው ዓመት መንግሥትና የፓሪስ ከተማ ረድተውት በቧ ደ ቡሎኝ አጠገብ የምርምር ጣቢያ ተከፈተለት፤ ክብ የመሮጫ መንገድ ተሠራለት፤ በመንገዱም ዳር ውስጡ በሙሉ የጠቆረ ዳስ ቆመ። ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው በጥቁሩ ዳስ ፊት ሲያልፍ፣ በካሜራው ፊት የሚዞር ቀዳዳ ያለው ክብ ሰሌዳ ብርሃኑን በእኩል ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ በአንድ መስታወት ላይ ብዙ ሥዕሎችን ያሳርፋል። ችግሩ ሥዕሎቹ እየተደራረቡ መጥፋታቸው ነው። ማሬ ያገኘው መፍትሔ እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀኛል። ሰውየውን ከራሱ እስከ እግሩ ጥቁር አለበሰው፤ በእጁና በእግሩ ርዝመት ነጭ መስመር፣ በመገጣጠሚያዎቹም ላይ የሚያበራ ቁልፍ አደረገበት። ሰውየው ከሥዕሉ ጠፋ፤ እርምጃው ብቻ ቀረ። በመስታወቱ ላይ የሚታየው እንደ ተነፈሰበት እሳት የሚወዛወዝ የነጭ መስመር ረድፍ ነው።

ከዚህ ረድፍ ላይ ቀደም ሲል የጠየቅኋችሁ ጥያቄ መልስ አገኘ፤ ራስ ከፍ የሚለው በአንድ እግር ስንቆም ነው፤ ሁለቱም እግሮች መሬት ሲነኩ ዝቅ ይላል። ወደ ፊት የሚሄደውም እግር ቬበሮች እንዳሉት በክብደቱ ብቻ የሚወዛወዝ አይደለም፤ ጡንቻም ድርሻ አለው። ለወታደሮች ጉዞ የሚጠቅም ነገርም ተገኘ። በደወል ምት እያስኬዱ ሲለኩ፣ ምቱ ሲፈጥን እርምጃ እስከ ተወሰነ ልክ ይረዝማል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ያጥራል። ሸክም እርምጃን ያሳጥራል፤ ከፍ ያለ ተረከዝ ያለው ጫማም እንዲሁ። ጫማ ከተነሣ ዘንድ አበበ ቢቂላን ሳላነሣ ባልፍ አንባቢ ይቀየመኛል። አበበ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ማራቶንን አሸንፏል። በ2010 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በባዶ እግር መሮጥ የለመዱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በተረከዝ ሳይሆን በፊተኛው የእግር ክፍል ስለሚያርፉ፣ እግር መሬት ሲነካ የሚመጣው ድንገተኛ ምት ይቀንስላቸዋል።

አሁን የማሬን ታሪክ ሳጠና ልቤን ያከበደው ክፍል ላይ ደርሻለሁ። በጣቢያው የዕለት ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ዦርዥ ደመኒ የሚባል ረዳቱ ነበር። ማሬ ክረምቱን በኔፕልስ ሲያሳልፍ ጣቢያውን የሚጠብቅ፣ ሯጮቹን የሚያሰልፍ፣ መስታወቱን የሚያጥብ፣ መስመሩን የሚለካው ደመኒ ነው። ከወለል በታች ሆኖ እግር መሬትን የሚገፋበትን ኃይል የሚጽፈውንም መድረክ አብረው ሠርተዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደመኒ ተከታታይ ሥዕሎችን በማንቀሳቀስ ሰው ሲናገር የሚያሳይ መሣሪያ አወጣና ለገበያ ለማቅረብ አሰበ። ማሬ ይህን አልወደደም። የሚንቀሳቀስ ሥዕል ዓይን አስቀድሞ የሚያየውን መልሶ የሚያሳይ ከሆነ ለዕውቀት ምን ጨመረ ባይ ነበር፤ እርሱ የሚፈልገው ፈጣኑን ማዘግየት፣ ዓይን የማያየውን መግለጥ ነበር። በ1894 ሁለቱ ተለያዩ፤ ደመኒም ጣቢያውን ለቀቀ። በሚቀጥለው ዓመት የሉሚዬር ወንድማማቾች ሲኒማን በፓሪስ ለሕዝብ አሳዩ።

በማሬ አሳብ ውስጥ ያለውን ንጽሕና አከብራለሁ። ነገር ግን ስሙ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ የሚጻፍለት ፕሮፌሰርና በደመወዝ የሚኖር ረዳት ስለ ገንዘብ እኩል ሊያስቡ አይችሉም። ማሬ በ1878 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል፣ በ1895 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሆኗል። ክብሩ በእጁ ነበር። ደመኒ አሥር ዓመት ያህል የደከመበትን ሥራ ሌሎች ሲከብሩበት ለማየት ቀረ። የጣቢያው ሥራ ሲነሣ የሁለቱም ስም አብሮ ቢነሣ ደስ ይለኛል።

ማሬ ግን ከመሥራት አላረፈም። በዚያው በ1894 ጀርባዋ ወደ ታች ሆኖ የተለቀቀች ድመት በአየር ላይ እንዴት ተገልብጣ በእግሯ እንደምታርፍ በፊልም አሳይቶ የአካዳሚውን ሊቃውንት አከራከረ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የጭስ ክሮችን በመስታወት ሣጥን ውስጥ እያሳለፈ አየር በዕቃ ዙሪያ እንዴት እንደሚፈስ ፎቶግራፍ አነሣ። በግንቦት ወር 1904 በፓሪስ ሞተ።

እርሱ ሊፈታው ጀምሮ የተወው አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም አካል ኃይልን እንዴት እንደሚቆጥብ ነው። ሠረገላን በሚለጠጥ ማሰሪያ መጎተት የፈረስን ድካም እንደሚቀንስ አሳይቶ፣ የጡንቻም መለጠጥ እንዲሁ ይጠቅማል ብሎ ያምን ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ጣሊያናዊው ካቫኛና ባልደረቦቹ ነገሩን በመሬት ውስጥ በተቀበረ ሚዛን መረመሩት። ስንራመድ ሰውነታችን በቆመው እግር ላይ እንደ ተገለበጠ ፔንዱለም ይሄዳል፤ ከፍ ሲል ያጠራቀመውን ኃይል ዝቅ ሲል ለሚቀጥለው እርምጃ ይከፍለዋል። በተስማሚ ፍጥነት ከተራመድን በዚህ መንገድ የሚተርፈው ከመቶ 60 ያልፋል። ስንሮጥ ደግሞ እግራችን ሞላ ይሆናል፤ ከተረከዝ በላይ ያለው ወፍራም ጅማት በእያንዳንዱ ማረፍ ይለጠጥና ተመልሶ ይወረውረናል። ቬበሮች ፔንዱለም ማለታቸው ከእውነት ፈጽሞ የራቀ አልነበረም፤ የሚወዛወዘውን አካል ብቻ ነው የለወጡት።

ዛሬ በታላላቅ ሆስፒታሎች፣ አንጎሉ በመጎዳቱ እግሩ የማይታዘዝለትን ሕፃን ቀዶ ሕክምና ከማድረጋቸው በፊት ሐኪሞቹ በዳሌው፣ በጉልበቱና በቁርጭምጭሚቱ ላይ ትንንሽ የሚያንጸባርቁ ኳሶች ይለጥፉበታል። ከዚያም ሚዛን በወለሉ ውስጥ በተቀበረበት ክፍል ያራምዱታል። በዙሪያው የቆሙት ካሜራዎች ልጁን አያዩትም፤ የሚያዩት ኳሶቹን ብቻ ነው።