ዬሆሹዋ ባር-ሂሌል፦ ኮምፒውተር የሚጎድለውን ያወቁ ሰው

ዛሬ ኮምፒውተር ኢንተርኔት ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበበ እውቀት ይቀስማል ሲባል ብዙም አይገርመንም። ከ60 ዓመት በፊት ግን ማሽን የዓለምን እውቀት ሊይዝ አይችልም ብለው የተከራከሩ አንድ የኢየሩሳሌም ፕሮፌሰር ነበሩ።

ዬሆሹዋ ባር-ሂሌል በ1915 ቪየና ተወለዱ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ስማቸው ኦስካር ቬስትራይክ ነበር። ያደጉት በርሊን ነው። ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 ከብኔ አኪቫ ወጣቶች ጋር ወደ አገር ገቡ። ጥቂት ጊዜ ኪቡጽ ኖረው ኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍናና ሒሳብ ተማሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአይሁድ ብርጌድ አገለገሉ፤ በ1948ቱ ጦርነት ደግሞ አንድ ዓይናቸውን አጡ።

በ1951 አሜሪካ፣ ኤም አይ ቲ፣ አዲስ ሥራ ያዙ፦ ማሽን መተርጎም ይችል እንደሆነ ማጥናት። ሙሉ ጊዜውን ለዚህ ሥራ የሰጠ የመጀመሪያው ተመራማሪ እሳቸው ናቸው። በ1952 የመጀመሪያውን ጉባኤ አዘጋጁ። ከዚያ በኋላ ተስፋውም ገንዘቡም በዛ፤ አሜሪካኖች የሩሲያኛ ጽሑፍ ቶሎ ቶሎ እንዲተረጎምላቸው ይፈልጉ ነበር።

በ1960 ግን ባር-ሂሌል ራሳቸው ያስጀመሩትን ተስፋ የሚያፈርስ ጽሑፍ አወጡ። ምሳሌያቸው ቀላል ነው። በእንግሊዝኛ ፔን እስክሪብቶም ነው፣ ሕፃናት የሚጫወቱበት አጥርም ነው። አንድ ልጅ የመጫወቻ ሣጥኑን ፈልጎ ፔን ውስጥ አገኘው ቢባል፣ እኛ አጥሩ መሆኑን ወዲያው እናውቃለን፤ ሣጥን እስክሪብቶ ውስጥ አይገባማ! ማሽኑ ግን ይህን ከየት ያውቃል? መዝገበ ቃላት አይነግረውም። በአማርኛም ያው ነው፦ ሰፊው ቤት ውስጥ ነው ብለን ብንጽፍ፣ ልብስ ሰፊው እቤት አለ ማለት ነው ወይስ አንድ ነገር ትልቁ ቤት ውስጥ ነው? ማሽኑ መዝገበ ቃላት ብቻ ሳይሆን የዓለም እውቀት ሁሉ ያስፈልገዋል፤ ያንን ደግሞ ማንም ሊያስገባለት አይችልም አሉ። መፍትሔ ያሉት ሰውና ማሽን አብረው እንዲሠሩ ነበር። የዕብራይስጥ ደብዳቤ በስልክ አስተርጉመን፣ የተበላሸውን አርመን ለእናቶቻችን የምናነብ ልጆች ይህን እናውቀዋለን።

በ1966 አንድ የአሜሪካ ኮሚቴም የማሽን ትርጉም ተስፋ የተጣለበትን ያህል እንዳልሠራ ጻፈ፤ ገንዘቡም ቀነሰ። ባር-ሂሌል በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ኖረው በ1975፣ በ60 ዓመታቸው አረፉ። ኢንተርኔትን አላዩም።

እኔ እንደማስበው እውቀት ያስፈልጋል ማለታቸው ልክ ነበር፤ መግቢያ የለውም ማለታቸው ግን አልሆነም። እውቀቱን በእጁ የሞላ ሰው የለም። ኮምፒውተሩ ሰዎች የጻፉትን እጅግ ብዙ ጽሑፍ እያነበበ የሚቀጥለውን ቃል እንዲገምት ይደረጋል፤ ሲሳሳት ይስተካከላል። እንዲህ ሲደጋግም ሣጥንና እስክሪብቶ እንዴት እንደሚነገሩ ይለምዳል። የሚለምደው ግን የተጻፈለትን ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ስፍር ቁጥር የለውም፤ በአማርኛ ኢንተርኔት ላይ ያለው ጥቂት ነው፤ አያቶቻችን የሚያውቁት ደግሞ አብዛኛው ገና አልተጻፈም።