የፈጣን ባቡር መሐንዲሱ ሂዴዎ ሺማ

በዓለም የመጀመሪያ የሆነውን የፈጣን ባቡር መስመር በዋና መሐንዲስነት የመሩት ጃፓናዊው ሂዴዎ ሺማ እ.ኤ.አ. በ1901 በኦሳካ ከተማ ተወለዱ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

አባታቸው የባቡር መሐንዲስ ነበሩ። የአገሪቱ የሐዲድ ስፋት ከ1 ሺህ 67 ወደ 1 ሺህ 435 ሚሊ ሜትር ከፍ እንዲል ቢሟገቱም ሐሳባቸው በሕይወት ሳሉ አልተሳካም። ሺማ ከቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው በ1925 የባቡር ሚኒስቴርን ተቀላቀሉ።

በ1951 በዮኮሃማ በባቡር ላይ በተነሣ ቃጠሎ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከአደጋው በኋላ ሺማ ሥራቸውን ለቀቁ። በ1955 ግን የጃፓን ብሔራዊ ባቡር ፕሬዚዳንት ሆነው የተሾሙት ሺንጂ ሶጎ ወደ ሥራ መልሰው ቶኪዮን ከኦሳካ የሚያገናኘውን አዲስ መስመር እንዲመሩ ኃላፊነት ሰጧቸው።

ግንባታው በ1959 ተጀመረ። 515 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መስመር አባታቸው በተመኙት ሰፊ ሐዲድ ተዘረጋ። መኪናም ሆነ እግረኛ ሐዲዱን የሚያቋርጥበት ስፍራ እንዳይኖር ተደረገ። ባቡሩም በአንድ ሎኮሞቲቭ ከመጎተት ይልቅ በየፉርጎዎቹ ሥር በተተከሉ የኤሌክትሪክ ሞተሮች እንዲንቀሳቀስ ሆነ።

ከባዱ ችግር የምልክት አሰጣጥ ነበር። በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር የሚበርን ባቡር ለማቆም ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚያስፈልግ፣ አሽከርካሪው ከሐዲዱ ዳር የቆመ መብራት አይቶ ፍሬን ቢይዝ አይደርስም። በመሆኑም የተፈቀደው ፍጥነት በሐዲዱ በሚያልፍ የኤሌክትሪክ ሞገድ አማካይነት በአሽከርካሪው ክፍል ውስጥ እንዲታይ ተደረገ። ባቡሩ ከተፈቀደው በላይ ከፈጠነ ፍሬኑ በራሱ ይይዛል።

የዓለም ባንክ በ1961 የ80 ሚሊዮን ዶላር ብድር ቢሰጥም፣ ወጪው ከመጀመሪያው ግምት ወደ እጥፍ ተጠጋ። በዚሁ ወቀሳ ሶጎ በ1963 ከሥልጣን ሲወርዱ ሺማም ተከትለዋቸው ለቀቁ። መስመሩ ጥቅምት 1 ቀን 1964፣ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሊከፈት 9 ቀናት ሲቀሩት ሥራ ሲጀምር፣ ዋናው መሐንዲስ በሥነ ሥርዓቱ ላይ አልተገኙም፤ ምርቃቱን የተከታተሉት በቤታቸው በቴሌቪዥን ነበር። ከ6 ሰዓት በላይ ይወስድ የነበረው ጉዞም ወደ 4 ሰዓት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ወደ 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ አጠረ።

ሺማ ከ1969 እስከ 1977 የጃፓንን ብሔራዊ የጠፈር ልማት ድርጅት በመጀመሪያ ኃላፊነት መርተዋል። በ1994 የአገሪቱን የባህል ኒሻን ተሸልመው፣ በ1998 በ96 ዓመታቸው አረፉ።

በእርሳቸው መሪነት በተሠራው መስመር፣ ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ ባቡር ከባቡር ተጋጭቶ ወይም ከሐዲድ ወጥቶ ሕይወቱ ያለፈ መንገደኛ የለም። በአንድ ወቅት የወቀሳ ምንጭ የነበረው ወጪ ያስገኘው ትልቁ ውጤት ይኸው ነው።